ጋሽ ሥርዓት በቀጥታ ስርጭት

ሰውየው እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ ግን ማንም አይጠራበትም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤት የዲሲፕሊን ኃላፊ ሆኖ በር ላይ ሲቆም ተማሪዎቹ "ጋሽ ሥርዓት" አሉት፣ ስሙም ተጣብቆ ቀረ። ጡረታ ሲወጣ የሚቆጣው ሰው አጣ። ሚስቱ ሞታለች፤ አንዲት ልጁ ለብቻዋ ትኖራለች፤ ግድግዳ ደግሞ ቢቆጡት አይደነግጥም። ስለዚህ ሬዲዮ ጣቢያ መደወል ጀመረ።

በየቀኑ ጠዋት ልክ ሁለት ሰዓት ሲሆን ጢሙን ተላጭቶ፣ ከረባቱን አስሮ (ከረባት በሬዲዮ እንደማይታይ ማን ደፍሮ ይንገረው?) ከመስመር ስልኩ አጠገብ ይቀመጣል። የፕሮግራሙ አዘጋጅ "አባታችን! አገር እየጠበቀዎት ነው!" ይለዋል። ከዚያ በኋላ የሚያቆመው የለም። ልጅ ለትልቅ ሰው ወንበር መልቀቅ ትቷል። የተቀደደ ሱሪ ከደህናው ሱሪ በላይ ይሸጣል። ለምርጫ የሚወዳደር ሰው ዕቅዱን ትቶ መድረክ ላይ ይጨፍራል፣ መራጩም ጭፈራውን አይቶ ይመርጣል። ትዳርማ የኪራይ ቤት ሆኗል፤ ጣሪያው ትንሽ ባፈሰሰ ቁጥር ዕቃ ጠቅልሎ መውጣት ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ከሚለው ውስጥ ግማሹን ማንም ጤነኛ ሰው ይፈርምበታል።

ችግሩ ሌላ ነው። ጋሽ ሥርዓት የእጅ ስልክ አይዝም። "ሌባዬን በኪሴ ይዤ አልዞርም" ብሎ ምሏል። እሱ የሚያውቀው በሬዲዮ የሚሰማውን ብቻ ነው። ስቱዲዮው ውስጥ ካሜራ እንዳለ፣ እሱ ሲናገር አዘጋጁ አፉን በመዳፉ አፍኖ ጠረጴዛ ላይ እንደሚደፋ፣ ረዳቷ ከረባት ግንባሯ ላይ አስራ እንደምታስመስለው፣ ድምፁን ከሙዚቃ ጋር ቀላቅለው በኢንተርኔት እንደሚለቁት አያውቅም። ያላየ ሰው የለም። በመንገድ ሲያልፍ ወጣቱ ፈገግ ብሎ እጅ ሲነሳው "አሁንማ እየሰሙኝ ነው" ይላል፣ ደረቱን ነፍቶ።

የማይስቅ አንድ ሰው ቢኖር ልጁ ናት። መነጽር ቤት ትሠራለች። ከሁለት ዓመት በፊት ባሏ ክንዷን ሰብሮት፣ በጄሶ አስጠቅልላው አባቷ ቤት መጣች። ጋሽ ሥርዓት ከወንበሩ ሳይነሳ "ክንድሽ ይጠገናል። ትዳር ሲሰበር ግን ጄሶ የለውም፤ ተመለሺ" አላት። አልተመለሰችም። ባሏ ባገኛት ቀን እንደሚገድላት ለሰው ሁሉ ስለተናገረ ሰፈር ቀየረች። የምትኖርበትን የሚያውቁት አባቷና አክስቷ፣ የአባቷ እህት፣ ብቻ ናቸው። አባቷ ለማንም እንደማይናገር ቃል ሰጥቷታል፤ ቃሉን ደግሞ አጥፎ አያውቅም። ይህን ሁሉ ቢላትም በየእሑዱ እየመጣች ሸሚዞቹን ትወስዳለች፣ ተኩሳ ትመልሳለች። ሆዷ አልጨከነበትም።

ባለፈው እሑድ ሸሚዞቹን እያጣጠፈች ጀመረች።

"አባዬ፣ ከእንግዲህ እዚያ ጣቢያ አትደውል።"

"ለምን?"

"እየሳቁብህ ነው። ና እየው።" ስልኳን ዘረጋችለት።

ፊቱን አዞረ። "ያንን ነገር ከፊቴ አንሺው! ባሏን ጥላ የወጣች ሴት ስለ ክብር ልታስተምረኝ ነው?"

"አባዬ፣ እኔ ስለ አንተ ነው እያፈርኩ ያለሁት።"

ይቺ ቃል ገባችበት። የሰማውን ባያምንም ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። ጠዋት ሲደውል ትዳር ላይ የባሰ ከረረ። "የገዛ ልጄ ባሏን ጥላ ወጥታለች! ከማን ልደብቀው?" አለ። አዘጋጁ ጆሮውን አቆመ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ደዋይ አስገቡ።

"አባባ፣ እንዴት አደሩ? ጤናዎ እንዴት ነው?" አለ ድምፁ፣ ልዝብ ብሎ። "አማችዎ ነኝ። አጥፍቻለሁ። ሚስቴን በወጉ፣ በአባቷ በኩል፣ ይቅርታ ጠይቄ ወደ ቤቴ ልመልሳት ነው የምፈልገው። እርስዎ ካልፈቀዱ ግን ደጇን አልረግጥም።"

የጋሽ ሥርዓት ዓይን እንባ አቀረረ። ይኸው! ወግ የሚያውቅ ወንድ በአገር ፊት ይቅርታ ሲጠይቅ! የሳቀ ካለ ይስማ፤ ያፈረችበትም ትስማ።

"አባታችን፣ ምን ይሉታል? አገር እየሰማ ነው" አለ አዘጋጁ።

ቃሉ ትዝ አለው። ግን ከባል የሚደበቅ ቤት የትኛው ሕግ ላይ ነው ያለው? መንደሩን ነገረው። ሕንፃውን ነገረው። "ሦስተኛ ፎቅ፣ በግራ በኩል፣ አረንጓዴው በር። ና ውሰደኝና አብረን እንሂድ" አለ። ያን ጠዋት ስቱዲዮው ውስጥ ማንም አልሳቀም። አዘጋጁ ድምፅ ማጥፊያው ላይ ጣቱን አሳርፎ ነበር፤ አልተጫነውም።

አማቹ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደረሰ። ኮፍያውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለ፤ የመኪናውን በር ከፍቶ አስገባው፤ መንገዱን ሙሉ "አባባ ይሙቱ" እያለ ይቅርታውን ደጋገመ። ሽማግሌው ኮራ።

አረንጓዴው በር ገርበብ ብሎ ነበር፤ ውስጥ ማንም የለም። ልጁ አባቷን በሬዲዮ ሳትሰማ ሥራ አትሄድም። መተኮሻው ገና አልበረደም፤ ከሥሩ የጋሽ ሥርዓት ነጭ ሸሚዝ አንድ እጅጌው ተተኩሶ፣ ሌላው እንደተጨማደደ ተዘርግቷል። ቁም ሳጥኑ ተበርግዷል። ሽማግሌው በሩን ሊዘጋ ዞር ሲል መወርወሪያዎቹን አየ። ሦስት ናቸው፣ አንዱ ከሌላው የወፈረ፣ ሁሉም ከውስጥ። ከበሩ ጀርባ ደግሞ የብረት ቱቦ ቆሟል። ብቻዋን የምትኖር ሴት በየማታው በእነዚህ ስትቆለፍ ታየው። ያኔ ፈራ። በሕይወቱ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

አማቹ ኮፍያውን መልሶ አድርጓል።

"አክስቷ ዘንድ ናት፣ አይደል?"

"አላውቅም" አለ ጋሽ ሥርዓት። በሰባ አንድ ዓመቱ የመጀመሪያ ውሸቱ ነው፣ አልቻለበትም። ዓይኑ ወለል ላይ ወደቀ። አማቹ ፊቱን አንዴ አየው፤ በቃው።

"እግዜር ይስጥልኝ አባባ" ብሎ ደረጃውን ሦስት ሦስቱን እየዘለለ ወረደ።

ጋሽ ሥርዓት የደረጃውን ብረት እየተደገፈ ምድር ሲደርስ መኪናው የለም። የእህቱን ቁጥር በቃሉ ያውቀዋል፤ ስልክ ነው የሌለው። ደጃፉ ላይ ሦስት ወጣቶች፣ ሁለት ወንዶችና አንዲት ልጃገረድ፣ ተቀምጠዋል።

"ልጆቼ፣ ስልክ! ስልክ አውሱኝ! ልጄን ሊገድላት ነው!"

"እንዴ፣ ጋሽ ሥርዓት ናቸው!" ብሎ አንደኛው ብድግ አለ። "ስልክ እየለመኑ ነው፣ ኧረ ቅረጺ!"

ሦስቱም ስልካቸውን አወጡ፤ ሦስቱንም ፊቱ ላይ ደቀኑ። ልጃገረዷ በሳቅ ሆዷን ያዘች። ተማሪ ሲያንበረክክ የኖረው ሰው አስፋልቱ ላይ ተንበረከከ። እሱ ሲለምን እነሱ ባሰባቸው። እጁን ዘርግቶ የእህቱን ቁጥር አንድ በአንድ፣ እያለቀሰ፣ እስከ መጨረሻው ጠራላቸው።

አንደኛው ወጣት ሳቁን ገታ አድርጎ ጎንበስ አለ። "ጋሼ፣ ቁጥሩን እንደገና ይበሉት።"

ሽማግሌው ተስፋ አገኘ። ከመጀመሪያው አሃዝ ጀመረ።

"ቆይ፣ ቆይ" አለ ወጣቱ፣ ስልኩን እያስተካከለ። "ቅድም አልቀዳሁትም ነበር። አሁን፣ በዚያው ለቅሶ።"