አንድ ጊዜ ብቻ የሚጋብዝ ባለ ጀልባ

ከቦሌ የወጣሁ ሌሊት ዘመድ ሁሉ ስለ ብርዱ ሲመክረኝ፣ አባቴ ግን «ዋሽንግተን ባሕር አለው?» አሉኝ። የአሰብ ወደብ ሠራተኛ ነበሩ፤ እኔም እዚያው ተወልጄ ነው ያደግሁት። ተፈናቅለን አዲስ አበባ ከገባን ወዲህ ሁለታችንም ባሕር አላየንም። «ሳይኖረው አይቀርም» አልኳቸው፤ ካርታ እንኳ ሳላይ።

ዋሽንግተን አጠገብ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ስገባ ባሕር የለም። ሥራ ያገኘሁት እዚያው ዋሽንግተን አጠገብ አሌክሳንድሪያ፣ ምድር ቤት ያለ ፓርኪንግ ውስጥ ነው። በፖቶማክ ሊያጽናኑኝ የሞከሩ ነበሩ፤ እግዜር ይስጣቸው፣ ግን ወንዝ ነው።

በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ከባለቤቴ ከሰብለ ጋር ቼሳፒክ የሚባለው የባሕር ወሽመጥ ዳር ወዳለች ትንሽ ከተማ ሄድን። ድሮ የአሣ አጥማጆች መንደር ነበረች አሉ፤ አሁን መረብ ይሰቀልበት በነበረው ቤት አይስክሬም ይሸጣል። እኛ አሰብ ላይ ከፀሐይ ስንሸሽ ኖረናል፤ እዚህ ሰው ገንዘብ ከፍሎ፣ ቅባት ተቀብቶ ይጠበሳል። ሽታው ግን ያው ነው፦ አሣ፣ ናፍታና ጨው። ከደስታዬ ብዛት ዕንባዬ መጣ። ደብረ ብርሃን ያደገችው ሰብለ አፍንጫዋን ያዘች።

ዋልተር የሚባል ሽማግሌ ጀልባውን ሲያጥብ አግኝተነው ወሬ ጀመርን። ከከተማዋ አሣ አጥማጆች የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ አለ። የአሰብን ነገር ሳጫውተው ጊዜ፣

«ነገ ጠዋት እወጣለሁ። አብረኸኝ ትመጣለህ?» አለኝ።

ልቤ በደስታ ዘለለ። አፌ ግን አስተዳደጉን አልረሳም፤ «ኧረ አላስቸግርህም!» አልኩት።

«እሺ» ብሎ ባልዲውን አነሣ።

ደግሞ እስኪጠይቀኝ ቆሜ ጠበቅሁ። እሱ ዕቃውን ሰብስቦ፣ መልካም ቀን ተመኝቶልኝ ሄደ።

መኪና ውስጥ ሰብለ በሳቅ ልትሞት ነው። «በሞቴ እንዲልህ ነበር የጠበቅኸው? እዚህ አገር እኮ አንዴ ነው ኦፈር የሚያደርጉህ!»

«ሁለተኛ ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

«ሂድና ራስህ ጠይቀዋ!»

ሳምንቱን ሙሉ ስናደድ፣ መኪና ባቆምኩ ቁጥር የምለውን በእንግሊዝኛ ስለማመድ ከረምኩ። ቅዳሜ ማለዳ ተመልሼ ሄድኩና ሰላምታ እንኳ ሳላስቀድም «መምጣት እፈልጋለሁ!» አልኩት።

«ታዲያ ምን ቆመሃል? ግባ!» አለኝ።

ዳርቻው ራቅ ሲልልን ስልኬን አውጥቼ አዲስ አበባ ደወልኩ።

«አባባ፣ ባሕር ላይ ነኝ!»

«ሞገድ አለው?»

«አለው። ሰውየው መጀመሪያ ሲጋብዘኝ ምን እንዳልኩት ልንገርዎት...»

«ቆይ፣ ዝም በል» አሉኝ። «እስቲ ስልኩን ወደ ውኃው አስጠጋው።»

ጎንበስ ብዬ አስጠጋሁት። ዋልተር ነገሩ ገብቶት ሞተሩን አጠፋ። ውኃው የጀልባዋን ጎን ይመታል። ክንዴ ሲዝል ስልኩ እንዳይወድቅብኝ ፈራሁና ወደ ጆሮዬ መለስኩት።

«አባባ? መስመሩ ተቋረጠ እንዴ?»

«እየሰማሁ ነው» አሉኝ። «ወደ ውኃው መልሰው።»