ሙሽራዋ ሲሬ ላይ ደም የተፋች ዕለት

ይህ የገጠመኝ በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ የሕክምና ትምህርቴን ልጨርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው አክሜአለሁ፤ የአብዛኞቹን መልክ ረስቼዋለሁ። የሲሬዋን ሙሽራ ግን አልረሳኋትም። ምን ዓይነት ሐኪም እንደምሆን የቆረጥኩት እሷ ፊት ቆሜ ነው።

ያደግኩት ነቀምቴ ነው። አባቴ ለፍርድ ቤት ጸሐፊነት ከሸዋ ተዛውረው የመጡ ሰው ነበሩ። እኛ ልጆቻቸው ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ኦሮምኛ ስናወራ ስላደግን የትኛው ቀድሞ አፋችን እንደገባ እንኳ አናውቅም። በመጨረሻው ዓመት ለሥራ ልምምድ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ ሆስፒታል ስላክ፣ በሽተኛውን ሁሉ ያለ አስተርጓሚ የማናግር ተማሪ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ልምምዱ ሲያልቅ ግን ጭንቀት ያዘኝ። አዲስ አበባ እንደተመለስኩ በየትኛው ሙያ መቀጠል እንደምፈልግ መናገር ነበረብኝ። ለከፍተኛ ትምህርት ውጭ አገር የምንላከው በመረጥነው ነው።

አንዱ የውስጥ ደዌ ነው። በዚህ ጎበዝ ነበርኩ። መምህራችን ዶክተር ኃይሉ በሰው ፊት “የሺ የኔ ናት፤ ማንም እንዳይነካብኝ” ይሉ ነበር። ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ነው። ልቤ ያለው እዚያ ነበር። የቀዶ ጥገናው መምህር፣ አንድ ሸበቶ የውጭ አገር ሰው፣ ፍላጎቴን ስነግረው አዘነልኝ እንጂ አልተቆጣኝም።

“እጅሽ ጥሩ ነው” አለኝ። “ግን ባላገሩ ቢላ ለያዘች ሴት ሰውነቱን አምኖ የሚሰጥ ይመስልሻል?”

አባቴን ባማክራቸው እሳቸውም ከዚህ ብዙ አልራቁም። “ልጄ፣ ሰው አምኖ የሚቀበልሽን ያዢ” አሉኝ። እንዲህ እያብሰለሰልኩ ነው አንድ የጥር ጠዋት ከነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ አውቶቡስ የተሳፈርኩት። የውስጥ ደዌን ለመምረጥ ከአራቱ ሦስት እጅ ወስኜ ነበር።

መንገዳችን ላይ ያለችው ትንሽ ከተማ፣ ሲሬ፣ እንደገባን ጎማ ተነፈሰ። ሾፌሩም ጎማው እስኪቀየር ሻይ ጠጡ ብሎ አወረደን። እኔ ግን ከጤና ጣቢያው በር ላይ የተሰበሰበ ሰው አይቼ ወደዚያ ሄድኩ። ሰርገኞች ናቸው። በቅሎዎቹ ተሸልመዋል፤ ዘፈን ግን የለም። ወንዶቹ በሁለት ወገን ተከፍለው ይጨቃጨቃሉ።

ቁስል የሚያጥቡት፣ መርፌ የሚወጉት የጤና ጣቢያው ድሬሰር አቶ ፈቃዱ በሽተኛ ይዘው ነቀምቴ ሲመላለሱ ያውቁኝ ነበር። ገና ሲያዩኝ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

“ዶክተር! እግዜር ነው ያመጣሽ። ነይ እስቲ ገላግይኝ።”

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙሽራዋ ጠጂቱ ትባላለች። ሙሽራው ከኑኑ ቁምባ ከቤተሰቦቿ ተቀብሎ ወደ ሲሬ ሲያመጣት፣ መንገድ ላይ ሳለች አስነጠሳትና ነጩ ነጠላዋ በደም ተነከረ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ደም ተፋች። የሙሽራው አባት ኦቦ ሰንበቶ ሰርጉን አስቁመው “የሳምባ ነቀርሳ ያለባትን ልጅ ሸፍናችሁ ሰጣችሁን” አሉ። የልጅቱ አጎት ደግሞ “ልጃችንን በአደባባይ አዋረዳችኋት” ብለው ዱላቸውን ጨብጠዋል። ሁለቱ ወገኖች ድሬሰሩን “አለባት ወይስ የለባትም? ፍረድ!” ብለው ይዘዋቸዋል። እዚያ ራጅ የለ፣ ምን የለ።

ኦቦ ሰንበቶ ከላይ እስከ ታች አዩኝና በኦሮምኛ ለአጠገባቸው ሰው “ይቺ ልጅ ናት ሐኪሟ?” አሉ።

“እኔ ነኝ፣ አባባ” አልኳቸው በኦሮምኛ። “ልያት?”

ደንገጥ አሉ። ቋንቋውን አልጠበቁም። “እዪአት” አሉኝ።

ሙሽራዋን ወደ ውስጥ አስገብቼ በሩን ዘጋሁ። አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። ደረቷን አዳመጥኩ፤ ንጹሕ ነው። ትኩሳት የላትም። ጉንጯ ሙሉ ነው፤ ነቀርሳ ያለበት ሰው አትመስልም። ድምፅዋ ግን ሻክሯል። ደሙም አክታ የሌለው፣ ትኩስና ቀይ ነው።

“ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ” አልኳት። “እኔና አንቺ ብቻ ነን። ለማንም ያልነገርሽው ነገር አለ?”

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አንገቷን በጣቷ አሳየችኝ።

“እዚህ ውስጥ የሚሄድ ነገር አለ” አለችኝ በሹክሹክታ። “ከሰርጉ በፊት ጀምሮ። ሲሄድ ይሰማኛል። ብናገር ጋኔን ያዛት ይሉኛል ብዬ ዝም አልኩ።”

እንደዚያ ስትለኝ ፀጉሬ ቆመ። ውሃ ከየት እንደጠጣች ጠየቅኳት። እንጨት ልትለቅም ሄዳ ጠምቷት፣ ከደረቀ ወንዝ ጉድጓድ ውስጥ ከቀረ ውሃ በደረቷ ተኝታ ጠጥታለች። ልጅ ሆኜ ነቀምቴ ውስጥ ከብት ከጉሮሮው አልቅት ሲወጣለት አይቻለሁ። ሰው ላይ ግን አይቼ አላውቅም።

ክፍሉ ጨለማ ስለሆነ ወንበር አስወጥቼ ፊቷን ወደ ፀሐይ አዙሬ ደጅ አስቀመጥኳት። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ከበበን። የአውቶቡሱ ተሳፋሪዎችም መጡ። ምላሷን በማንኪያ ጀርባ ተጭኜ አየሁ። ምንም የለም። የወንዝ ዳር ሰዎች አልቅት የገባበትን ከብት ውሃ ያሳዩታል፤ አልቅቱ ውሃ ሲሸተው ብቅ ይላል። እኔም ቀዝቃዛ ውሃ አስመጥቼ አፏ ውስጥ እንድትይዝ አደረግኋት። ቆየት ብላ ተፋችው። እንደገና አየሁ።

ከእንጥሏ ኋላ አንድ ጥቁር ነገር ብቅ ብሎ ተላወሰ።

አቶ ፈቃዱ ረጅሙን መቆንጠጫ አቀበሉኝ። ያዝኩት። ግን ሙልጭልጭ ነው፤ አመለጠኝ። ልጅቱን አነቃት፤ ደም በአገጯ ላይ ወረደ። ሴቶቹ ጮኹ።

“ልትገድላት ነው! ልቀቂያት!” አሉ ኦቦ ሰንበቶ።

እውነቱን ልናገር፣ እኔም ፈርቼ ነበር። አልቅቱ ወደ አየር ቧንቧዋ ቢገባ እጄ ላይ ትሞታለች። ብተወውም ደሟን እየመጠጠ ይቆያል፤ እሷም “ነቀርሳም” ተብላ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች። ሾፌሩ በዚያ በኩል ጥሩንባውን ይነፋል።

ያን ጊዜ ሙሽራው ከሕዝቡ መሃል ወጣ። ከወንበሯ ኋላ ቆሞ ራሷን በሁለት እጁ ደግፎ ያዘ።

“አባባ፣ ነቀርሳም ቢሆን፣ ሌላም ቢሆን ሚስቴ ናት” አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ “ሥሪ፣ ዶክተር” አለኝ።

ጠጂቱ ቀሚሴን ጨበጠችና ራሷ አፏን በሰፊው ከፈተች።

ለሁለተኛ ጊዜ ውሃ ሰጠኋት፤ ጠበቅኩ። ጥቁሩ ነገር ቀስ ብሎ መጣ። አልቸኮልኩም። ሰውነቱ እስኪወጣ ታግሼ መሃሉን ቀጨም አደረግኩት። ብጎትተው እንደሚበጠስ ገባኝ፤ ስለዚህ ሳላላላ፣ ሳልስብም ወጠር አድርጌ ያዝኩት። ከዚያ በመቆንጠጫው በኩል አንድ ነገር ሲለቅ ተሰማኝ፤ አልቅቱ አፉን ላላ አደረገ። አወጣሁት።

እንደ ጣት የወፈረ፣ በደም የተነፋ። ነጭ ሳህን ላይ ጣልኩት፤ ተጥመለመለ። ሳህኑን ይዤ በቀጥታ ወደ ኦቦ ሰንበቶ ሄድኩ።

“ነቀርሳው ይኸውልዎ” አልኳቸው።

ሽማግሌው አንዴ ሳህኑን፣ አንዴ እኔን አዩ። ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ፈነዳ። እልልታው እስከ ገበያው ድረስ ተሰማ። አንዱ ከኋላ ጨው አምጥቶ አልቅቱ ላይ ነሰነሰ፤ ሌላው የአውቶቡሱን ሾፌር እየጎተተ አምጥቶ አሳየው። ደሙ ቀስ በቀስ ቆመ። ጠጂቱ ጉሮሮዋን በእጇ ዳሰሰችና ሳቀች፤ ድምፅዋ ገና ሻካራ ነበር።

ኦቦ ሰንበቶ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ልጅቱ አጎት ተራመዱ። ይቅርታ ጠየቁ፤ አጎትየውም ዱላቸውን ጥለው አቀፏቸው። ከዚያ ወደ እኔ መጡና እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ።

“ኢንተላ ኮ፣ ልጄ” አሉኝ፤ “እኔም ስታመም ከአንቺ ሌላ አይንካኝ።”

ያን ቃል ይዤ አውቶቡስ ገባሁ። ተሳፋሪው እስከ አዲስ አበባ የሚያወራው ስለ አልቅቱ ብቻ ነበር፤ ጌዶ ስንደርስ በወሬው እባብ አክሎ ነበር። እኔ ከመስኮቱ ዳር ተቀምጬ እየሳቅኩ አለቅሳለሁ።

በማግስቱ ለሁለቱም መምህሮቼ ነገርኳቸው። ዶክተር ኃይሉ ጠረጴዛቸውን መቱ። “በጆሮሽ ሰምተሽ ነው ያገኘሽው! ይህ የውስጥ ደዌ ነው፤ የኔ ትምህርት ነው!” አሉ።

“ልክ ነዎት፣ ጋሼ” አልኳቸው። “ግን ሲለቅ እጄ ላይ የተሰማኝን ነገር ሌላ ቦታ አላገኘውም።”

ሸበቶው መምህር ታሪኩን ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ኦቦ ሰንበቶ ያሉትን ስደግምለት መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። “እንግዲህ ተሸንፌአለሁ” አለኝ፤ “ቀዶ ጥገና ብለሽ ጻፊ።” ጻፍኩ።

ተምሬ ተመለስኩ፤ ዕድሜዬን በሙሉ ቀዶ ሐኪም ሆኜ ኖርኩ። ሆዱን ሊያስከፍት የመጣ ባላገር በር ላይ አይቶኝ ሲያመነታ ብዙ ጊዜ ገጥሞኛል፤ ተመልሶ የሄደ ግን አላስታውስም። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ልጆቼ ይህን ታሪክ ስጀምር “እማዬ፣ ደግሞ ልትኩራሪ ነው” እያሉ ይስቁብኛል። ልክ ናቸው፤ እኮራለሁ። በሌላው ነገር ሁሉ ትሑት ሴት ነኝ ብዬ አምናለሁ። በዚህኛው ግን አይደለሁም፤ ልሆንም አልፈልግም።