መብራት ያልጠፋበት ሁለት ወር

በ2015 ዓ.ም.፣ ክረምቱ ሲገባ፣ ከሀዋሳ ወጣሁ። በመሄጃዬ ዋዜማ ማታ ለጸሎት ተሰበሰብን፤ ባለቤቴ ጀምሮ መጨረስ አቃተው። ልጃችን ሻንጣዬ ላይ ተኝታ ስለነበር አንስተን አልጋዋ ላይ አስተኛናት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልነቃችም።

ጀርመን ሥራና ማደሪያ አገኘሁ። እዚህም ሐይቅ አለ፤ ዓሣው ግን ጭንቅላት የለውም፣ ተቆራርጦ በረዶ ሆኖ ይሸጣል። በሁለተኛው ሳምንት አከራዬ በሬን አንኳኳች።

«ጠዋት ጠዋት ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ከእግዚአብሔር ጋር።»

«እስከ አንድ ሰዓት ይጠብቅሽ። ከዚያ በፊት ድምፅ ክልክል መሆኑ የቤቱ ደንብ ላይ ተጽፏል።»

ሥራዬ ለትናንሽ መሣሪያዎች ፕሮግራም መጻፍ ነው። ሀዋሳም ይህንኑ ነበር የምሠራው። ከመውጣቴ በፊት፣ ልጄን ለከተበችልኝ ለሲስተር አስቴር፣ የጤና ጣቢያዋ የክትባት ፍሪጅ ሲሞቅ የሚጮህ መሣሪያ ሠርቼላት ነበር። ሙቀቱን በየደቂቃው እንዲለካ የሚያስታውሰውን ጊዜ መቁጠሪያ እንደ ሁሉም ሰው ከላይብረሪ ወሰድኩ፤ ላይብረሪ የምንለው ሌሎች ጽፈው ያስቀመጡትን ዝግጁ ፕሮግራም ነው።

ባለፈው ኅዳር ያንን ሥራዬን ለአንድ አዛውንት ባልደረባዬ በኩራት አሳየኋቸው።

«ይህ መቁጠሪያ በተበራ በሃምሳ ቀን ግድም ወደ ዜሮ ይመለሳል። ያኔ መሣሪያሽ ግራ ተጋብቶ ዝም አይልም?»

«እኛ ጋ መብራት ሳይጠፋ ሃምሳ ቀን ኖሮ አያውቅም። በጠፋ ቁጥር ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል» ብዬ ሳቅሁ።

እሳቸው አልሳቁም። «ባይጠፋስ?»

እግዚአብሔር ይስጣቸው። ከሥራ እንደወጣሁ ደወልኩ።

«ሲስተር፣ መብራት እንዴት ነው?»

«ምን መብራት ትያለሽ፣ ሶላር ገባልን እኮ! ይኸው ሁለት ወሩ፣ አንዴም አልጠፋም። መሣሪያሽም ጨዋ ሆኗል፤ ጮኾ አያውቅም።»

«ቴርሞሜትሩን አንብቢልኝ።»

«እሱንማ አንቺን አምነን ተውነው።»

ሄደች። ስትመለስ ድምፅዋ ወርዷል።

«አሥራ ስድስት ይላል። ከስምንት ማለፍ አልነበረበትም። የፍሪጁ በር ጎማ ለቋል… እህቴ፣ ትናንት እኮ ከተብን።»

የሞቀ ክትባት ሕፃናቱን አይጎዳቸውም፤ ግን ከበሽታ አይጠብቃቸውም። እናቶቻቸው ልጄ ተከተበልኝ ብለው ቤታቸው ገብተዋል።

«እንደገና እንጠራቸዋለን፤ የተገኙትን» አለች። ቀጥላም፣ «ያላነበብኩት እኔ ነኝ። የምጠየቀውም እኔ ነኝ» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ለጤና ጣቢያው ኃላፊ በሙሉ ስሜ ጻፍኩ፤ መሣሪያው ዝም ያለው በእኔ ስህተት መሆኑን፣ ሲስተር አስቴር እኔን ከማመን በቀር ጥፋት እንደሌለባት። ልኬ፣ መልሱን እየጠበቅሁ ስልኩን በእጄ እንደያዝኩ ለሥራ ወደ ባቡር ጣቢያው ሄድኩ።