አባሪ ያላልኩት ወረቀት

ይህን ለባሌም ለልጆቼም ተናግሬው አላውቅም። ዛሬ የምጽፈው ቀለል እንዲለኝ ብዬ አይደለም፤ እንደማይቀለኝ አውቃለሁ።

በደርግ ዘመን አምቦ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬን አውቅ ነበር። ማወቅ ብቻ? እኮራበት ነበር እንጂ! አዲስ ገቢዎቹ የደጋፊ ወረቀቱን ስም ምን ብለው እንደሚጽፉ ሲቸገሩ የሚመጡት ወደ እኔ ነው። «አባሪ» ከተባለ ወረቀቱ ከደብዳቤው ጋር ተያይዞ ይሄዳል፤ «ማጣቀሻ» ከተባለ ቁጥሩ ብቻ ይጠቀስና ወረቀቱ እኛው ዘንድ ፋይል ውስጥ ይቀራል። ይህን ለሌላው የማስረዳው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ሳላውቅ ነው ያደረግኩት ልል አልችልም።

ኦቦ ደበላ የደንዲ ገበሬ ነበሩ። አንድ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ተመለመለባቸው። ልጁ የሚጥል በሽታ አለበት፤ ይህን የሚያስረዳ አራት ገጽ የሐኪም ወረቀት በጨርቅ ጠቅልለው አመጡ። አለቃዬ አዘኑላቸውና ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ለበላይ አካል ደብዳቤ እንዳዘጋጅ አዘዙኝ።

ቀኑ ዓርብ ነው። በማግስቱ አዲስ ዓለም ከተማ የጓደኛዬ ሠርግ አለ፤ አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው። ዋናው ወረቀት ከእጃችን ስለማይወጣ፣ አባሪ ካልኩት አራቱንም ገጽ በካርቦን መገልበጥ፣ ማመሳከርና ማስፈረም አለብኝ። ማጣቀሻ ካልኩት አንድ መስመር ይበቃል። ማጣቀሻ አልኩት። እኔ፣ በገዛ እጄ። አለቃዬም አምነውኝ ፈረሙ፤ እኔም ሄጄ ስጨፍር ዋልኩ።

ሰኞ ጠዋት ኦቦ ደበላ በር ላይ ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ የሐኪሙ ወረቀት ሄደልን?»

«ሄዷል፣ ኦቦ» አልኩ።

«ገለቶሚ! ገለቶሚ!» እያሉ እጄን ይዘው አመሰገኑኝ።

ለምን ዋሸሁ? ያኔውኑ ገልብጬ ብልከው እኮ ይደርስ ነበር! አለቃዬ ፊት ቆሜ «አጥፍቻለሁ» ማለት አሳፈረኝ። አንዲት ቁጣ ፈርቼ የሰው ልጅ አሳልፌ ሰጠሁ። ማክሰኞ ዝም አልኩ፤ ረቡዕም ዝም አልኩ። መልሱ ሲመጣ «ማስረጃ ባለመቅረቡ ተቀባይነት የለውም» ይላል። ለኦቦ ደበላ «አልተፈቀደም» ብቻ አልኳቸው። ይህንንም ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ልጁ ሄደ። ማሠልጠኛው አጠገብ ወንዝ ውስጥ ልብሱን ሲያጥብ በሽታው ጣለውና ውሃው ወሰደው።

ከወራት በኋላ ኦቦ ደበላ ከሲታ ሆነው ቢሮ መጡ። ስላገዟቸው አለቃዬን ሊያመሰግኑ ነው የመጡት። ሳያቸው አለቀስኩ። እሳቸው፣ ልጃቸው የሞተባቸው ሰውዬ፣ እኔን ያጽናኑኝ ጀመር።

«አታልቅሺ፣ ልጄ። አንቺማ ልከሽ ነበር። እነሱ ናቸው ያላነበቡት።»

ያን ጊዜ እንኳን አልተናገርኩም። አንገቴን ነቅንቄ «አዎ» አልኩ።

ለንስሐ አባቴ ብናገር ጾምና ስግደት አዘው ይፈቱኝ ይሆናል፤ ያልነገርኳቸውም ለዚያ ነው። እናንተም ይቅር አትበሉኝ። ይቅር ማለት የሚችሉት ኦቦ ደበላ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም እንዳመሰገኑኝ ሞቱ።