የአማካሪው እሺታ

ደንበኞቹ «አቶ ቀስ በቀስ» ይሉታል። የገንዘብ አማካሪ ነው። ሰው ጡረታውንና ቁጠባውን፣ የልጆቹንም ሐሳብ ተሸክሞ ይመጣና ጠረጴዛው ላይ ይዘረግፍለታል። እሱም እስኪገባው ድረስ ቀስ በቀስ ያስረዳዋል፤ ካልገባው ደግሞ «ግድ የለም» ይልና ከሥር ይጀምራል። አንድ ነገር ዕድሜ ልክ ሲደጋግሙት እንዴት እንደሚያደክም ያልሞከረው ይሳቅበት! እሱ ራሱም «የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ» እያለ በራሱ ይቀልድ ነበር።

ቀልዱ ግን ጉሮሮውን አላዳነለትም። ድምፁ ይዘጋል፤ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ያጡ ሰዎች ግድግዳ ተደግፈው ይጠብቁታል፤ ሚስቱም «ለእኛም ቀጠሮ ያዝልን እንጂ» ማለት ጀምራለች። መላውን ያመጣችው ጸሐፊው ናት። «ጋሼ፣ ለሁሉም የሚደግሙትን ነገር አንዴ ይቀረጹትና በየስልካቸው እንላክላቸው። የተለየ ጥያቄ ያለው ብቻ ይምጣ» አለችው። ወደደው። ማን ይጠላል?

ቪዲዮ የሚቀርጸው ሰው ግን የመጀመሪያውን ቀረጻ አይቶ ፊቱን አጨማደደ። «ግድግዳ የሚያናግሩ ይመስላሉ እኮ! ፊትዎ ሰው እንዳለ ያስቡ። ጠይቁኝ ይበሉ፣ ትንሽ ዝም ብለው ያዳምጡ፣ ከዚያ ራስዎን በእሺታ ነቅነቅ አድርገው ይቀጥሉ።» እሱም እንደተባለው አደረገ፤ እንዲያውም ተካነበት። በየመሃሉ «እዚህ ላይ ጥያቄ ካለዎት ይጠይቁኝ» ይላል፤ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ያዳምጣል፤ ራሱን ይነቀንቃል፤ «በጣም ጥሩ፣ እንቀጥል» ይላል። ጸሐፊዋ ስታየው አጨበጨበች።

ኮሪደሩ ጭር አለ፤ ድምፁም ተመለሰለት። ሰውየው ጀምበር ሳትጠልቅ ቤቱ መግባት ጀመረና ሚስቱ «ምነው፣ ከሥራ አባረሩህ?» ብላ እስክታሾፍበት ደረሰ።

እንዲህ ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት አንዲት አሮጊት ልብስ ሰፊ ያለ ቀጠሮ መጡ። ከድሮዎቹ ደንበኞቹ አንዷ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከስፌት መኪናቸው ሥር ሳይነሱ፣ ሰፍተው ሰፍተው ባለ ሁለት ክፍል ቤት የሠሩ ሴት ናቸው። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ያ እሺ ያልከኝ ነገር ተበላሸብኝ።»

«ምን እሺ አልኩዎት፣ እማማ?»

«የቤቱን ነዋ! ታናሽ ወንድሜ ለንግዱ ብድር ሊወስድ ነው፣ ቤቴን መያዣ ላድርግለት ወይ ብዬ ጠየቅሁህ። ሰማህ ሰማህና ራስህን ነቅነቅ አድርገህ፣ በጣም ጥሩ፣ እንቀጥል አልከኝ።»

«የት ነው የጠየቁኝ?»

«በስልክ ነዋ፣ እየተያየን!»

አእምሯቸው የተነካ መሰለው። እሳቸው ግን ስልካቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው ከፈቱለት። ሌላ ከተማ ያለችው ልጃቸው ዘወትር በዚያው ስልክ ፊቷ እየታየ ታወራቸዋለች፤ በስልክ ላይ የሚታይ ፊት ለእሳቸው የሚሰማ ፊት ነው። አማካሪው ከረባት አስሮ ብቅ አለና «ጥያቄ ካለዎት ይጠይቁኝ» አለ። ከዚያ ዝም አለ። እንዴት ያለ ማዳመጥ ነው! አማካሪው የገዛ ፊቱን እያየ ላብ አጠመቀው። በር ላይ የቆመችው ጸሐፊ ሳቋ አመለጣትና ወዲያው አፏን ያዘች።

የተቀረጸ መሆኑን ቀስ በቀስ አስረዳቸው። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ማስረዳት ጠልቶ አያውቅም።

«እና አንተ አልነበርክም?» አሉት።

«ነበርኩ እማማ፤ ግን… አልነበርኩም።»

ወንድምየው ሱቁን ዘግቶ ጠፍቷል፤ ስልኩም አይነሳም። ባንኩ ቤቱን በጨረታ ሊሸጥ ነው። አማካሪው እግሩ እስኪቀጥን ሮጠ። ያማከረው ጠበቃ የመያዣ ውሉን አገላብጦ «በገዛ እጃቸው፣ ተነቦላቸው፣ አእምሯቸው ሙሉ ሆኖ ፈርመዋል፤ ምን ብዬ ልከራከር?» አለው። የባንኩ ሥራ አስኪያጅ የቆየ ወዳጁ ነው፤ ሻይ ጋበዘው፣ አዘነለት፣ እስከ በሩም ሸኘው። ሌላ ምንም አላደረገለትም። ከራሱ ኪስ ልክፈል ቢል አቅሙ አይፈቅድም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው፤ እሱም ያውቀዋል፣ ግን ዝም ብሎ መቀመጡን አንጀቱ እንቢ አለው። ቢያንስ ቪዲዮው ይቁም ብሎ ጸሐፊዋን አዘዘ። «እሺ ጋሼ፣ የነገዎቹን ታዲያ ማን ያስረዳቸው?» ስትለው የቀጠሮ መዝገቡን ገልጦ አየና መልሶ ዘጋው። ቪዲዮው በማግስቱም ተላከ።

መላ አለመኖሩን ሊነግራቸው ወደ ቤታቸው ሄደ። የስፌት መኪናው በአንሶላ ተጠቅልሎ በሩ ሥር ቆሟል። እሳቸው መሬት ላይ ተቀምጠው መጋረጃ ያሳጥራሉ፤ የሚከራዩት ክፍል መስኮት ትንሽ ነው። ፊቱን አይተው ገባቸው። የመጋረጃውን ጫፍ አቀበሉት፤ እሱም አጠገባቸው ተቀምጦ ወጥሮ ያዘላቸው።

«ልጄ፣ ያን ቀን ብትሰማኝ ኖሮ ምን ትለኝ ነበር?»

«አይሆንም፣ እንዳያደርጉት እል ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ… ይኸው ነው፣ እማማ።»

መርፌያቸውን ገታ አድርገው ቀና አሉ። መውቀሳቸው አልነበረም፤ በእውነት ግራ ገብቷቸው ነው።

«ይቺን ለማለት ነው እንዴ ጊዜ ያጣኸው?»

መጋረጃውን እንደወጠረ ቀረ።