የሐምሌ ካርዶች

ገዳሙ ዓባይ አሥራ ሦስት ዓመት ፀሐይን ለካ።

ሥራው ቀላል ነበር። ከአስታ ምድር ትምህርት ቤት ጀርባ፣ በሽቦ በታጠረች ቁራሽ መሬት ላይ፣ የትልቅ ብርቱካን ያህል የመስታወት ድቡልቡል በብረት ማቀፊያ ተቀምጧል። ከሥሩ ሰማያዊ ካርድ ይገባል። ፀሐይ ስትወጣ ድቡልቡሉ ጨረሯን ሰብስቦ ካርዱን ያቃጥላል፤ ደመና ሲጋርዳት ቃጠሎው ይቋረጣል። ሲመሽ ገዳሙ ካርዱን ያወጣል፣ የተቃጠለውን መስመር ይለካል፣ ቀኑን ይጽፍበታል። በየወሩ ካርዶቹን በፖስታ አሽጎ ከተማ ወዳለው ቢሮ ይልካል።

አስታ ምድር ከሮብ ገበያ በላይ፣ ከጮቄ ጫፍ በታች ያለች ቀበሌ ናት። ገብስና ድንች ታበቅላለች። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ሰማይዋ ጥርት ያለ ነው። ሰኔ አጋማሽ ላይ ጉሙ ከተራራው ይወርዳል፤ እስከ መስከረም አይነሳም።

በመጀመሪያው ክረምት ገዳሙ ያየውን ላከ። ሠላሳ የሐምሌ ካርድ፣ ሠላሳውም ባዶ። ከነሐሴዎቹ የሦስቱ ጫፍ ብቻ ጠቆር ብሏል። መስከረም አጋማሽ ላይ ከቢሮው ሰው መጣ። በዚያን ቀን ሰማዩ ጠርቶ ነበር።

«ይሄ ሁሉ ባዶ ምንድን ነው? ተኝተህ ነው የከረምከው?»

«ጉም ነበር፣ ጌታዬ።»

«ወር ሙሉ?»

«ወር ሙሉ።»

ሰውዬው ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ከዚያ ካርዶቹን ገልብጦ በቀይ እስክሪብቶ «የታዛቢ ጉድለት» ብሎ ሰረዛቸው።

«መስታወቱን መወልወል ነው፣ ወንድሜ። ከርሞ ባዶ ካርድ ካየሁ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ።»

ከርሞ ሐምሌ ሲገባ ገዳሙ የሚስቱን የወለላን ወስፌ ከምድጃው ፍም ውስጥ ሰካ። ሲግል አወጣውና በካርዱ መሐል ቀስ አድርጎ ሳበው። ቡናማ መስመር ወጣ።

«በስፌት ወስፌዬ ምን እየሠራህ ነው?» አለች ወለላ።

«ፀሐይ እያወጣሁ።»

ሳቀች። ያኔ ያስቅ ነበር።

ባዶ ካርድ ጥያቄ ያመጣል፤ ከዳር እስከ ዳር የተቃጠለም ያመጣል። ስለዚህ ገዳሙ አንዱን ቀን ሁለት ሰዓት፣ አንዱን ቀን አምስት ሰዓት አደረገው። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አላወጣም፤ ጠዋት ጉም እንዳለ ከተማም ይታወቃል። መሐል መሐሉን ደመና እንዳለፈበት አቋረጠው። እጁ ለመደ። በአምስተኛው ዓመት ቢሮው «አንድ ቀን ሳያጎድል ለመዘገበ ታዛቢ» የሚል የምስክር ወረቀት ላከለት። በፍሬም አስገብቶ ከቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ጎን ሰቀለው። ሰዎችም «የፀሐዩ ሰው» ይሉት ጀመር። ውሸቱ ማንንም አልጎዳም። ካርዶቹን የሚያነባቸው ሰው መኖሩንም አያውቅም ነበር።

ካርዶቹን ያነበበችው ኢንጂነር ዜማ ናት።

የዛሬ አራት ዓመት፣ በየካቲት፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ተሰበሰበ። ዜማ የሠላሳ ዓመት ሴት ናት፤ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ጫማዋ ጭቃ የለመደ። ምርጫውን ሳታድበሰብስ ነገረቻቸው። አንደኛው፣ ከሮብ ገበያ የሚመጣውን የመብራት መስመር መጠበቅ ነው። አስታ ምድር በተራ ዝርዝሩ ላይ አለች፤ ተራዋ ግን በሁለት ዓመትም በአምስት ዓመትም ሊደርስ ይችላል። ሁለተኛው፣ የፀሐይ ኃይል ጣቢያ አሁኑኑ መቀበል ነው። ጣቢያውን የተቀበለ ቀበሌ ከዝርዝሩ ይወጣል፤ ምሰሶው ወደ ማዶው ቀበሌ ይዞራል።

«አዲሱ ሶላር እንደ ድሮው አይደለም» አለች። «ደመና ሳሳ ካለ በደመናም ይሠራል። ባትሪው ያለ ፀሐይ ሦስት ቀን ያቆያል። ወፍጮ ያዞራል፣ የጤና ኬላውን የክትባት ፍሪጅ ያቀዘቅዛል፣ ቤታችሁን ያበራል።»

«ድንችስ ይቆፍራል?» አለ አንዱ ከኋላ።

«እሱን ለእናንተ ትቶታል።»

ሰው ሳቀ። ወደዷት።

ጤናዬ ተነሳች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ በሬ ጠምዳ የምታርስ፣ በስብሰባ ላይ ማንንም የማትፈራ ሴት ናት።

«ልጄ፣ ይህን ወረቀትሽን በየካቲት ይዘሽ መጣሽ። እስቲ በሐምሌ ነዪ። እኔ በሐምሌ ላሜን በድምፅዋ ነው የምለያት። የትኛዋ ፀሐይ ናት ወፍጮ የምታዞረው?»

መልስ የሰጣት ፈንታ ነው። ፈንታ የገዳሙን ልጅ ምሥራቅን ያገባ፣ በሮብ ገበያ ሬዲዮና ስልክ የሚጠግን ጎልማሳ ነው። ጣቢያው ከመጣ ተቆጣጣሪው እሱ እንዲሆን ታስቧል።

«እትዬ ጤናዬ፣ እርስዎ የእጅ ባትሪ ሲመጣም ዐይን ያጠፋል ብለው ነበር።»

«አጠፋ እንጂ! ምሥራቅ በሱ ብርሃን አይታህ አይደል ያገባችህ?»

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ምሥራቅ ልጇን እንዳዘለች ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ፈንታም ሳቀ።

ዜማ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀች። «እናቴ፣ ያሉትን አልንቅም። ግን ዐይን ይሳሳታል። የሳተላይት መረጃም ተራራ ላይ አያስተማምንም። ስለዚህ ያመንነው እዚሁ የተለካውን ነው። ዐሥር ክረምት፣ አንድ ቀን ሳይጎድል። በሐምሌ በቀን በአማካይ ሦስት ሰዓት ተኩል ፀሐይ አላችሁ። ለጣቢያው ይበቃል።»

«ገዳሙ!» አለች ጤናዬ። «የምትለካው አንተ ነህ። ተነስና ንገራት። ሐምሌ ፀሐይ አለው?»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ገዳሙ ተነሳ። እውነቱን ቢናገር ሥራውም የምስክር ወረቀቱም ይሄዳል፤ በማጭበርበር ሊከሰስም ይችላል። የፈንታ ሥራ ገና ሳይጀመር ይቀራል። ዝም ቢል ደግሞ ቀበሌው መስመሩን ያጣል። ይህን ሁሉ ቆሞ አሰበው። ምሥራቅ ፊቷን ገልጣ እያየችው ነበር።

«ካርዱ ላይ ያለው…» ጉሮሮውን ጠረገ። «ካርዱ ላይ ያለው ያው የተጻፈው ነው።»

«ፀሐይ አለው ወይ ነው ያልኩህ።»

«አለው።»

እጅ ይውጣ ተባለ። ወጣ። ጤናዬ ለአፍታ ቆመችና የሷንም አወጣች። «እሱ ካለ እንግዲህ» አለች።

ጣቢያው በኅዳር ሥራ ጀመረ። ሰባት ወር ያለ እንከን ሠራ። ሴቶች እህል ተሸክመው ሮብ ገበያ መውረድ ቀረላቸው። የጤና ኬላው ክትባቱን እዚያው ማስቀመጥ ቻለ። ፈንታ ቁልፉን በአንገቱ አንጠልጥሎ ይዞር ነበር፤ ሰው «ኢንጂነር» እያለ ይቀልድበታል፣ እሱም ይወድደዋል። ገዳሙ በበጋው ወራት እውነተኛ ካርድ ያወጣል፤ ከዳር እስከ ዳር ጠቁሮ የተበላ። በያንዳንዱ ምሽት እስከ ሰኔ የቀረውን ቀን ይቆጥራል።

ሰኔ አሥራ ስምንት ጉሙ ወረደ።

በአራተኛው ቀን ፈንታ ወፍጮውን አቆመ። በሰባተኛው ቀን የቤቶቹን መብራት ቆረጠ። ያለችውን ኃይል ለፍሪጁ አስቀረ፤ ሐምሌ ስድስት ፍሪጁም ጠፋ፣ ክትባቱ ተጣለ። ፈንታ በየማለዳው ጨርቅና ውኃ ይዞ ፓነሎቹን አንድ በአንድ ይወለውላል። ገዳሙ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ያየው ነበር።

«አያ» አለው ፈንታ አንድ ቀን። እጁ በብርድ ቀልቷል። «በሐምሌ ሦስት ሰዓት ተኩል አለ አይደል? ታዲያ የት ነው የሚሄደው? አንድ የማላውቀው ነገር አለ።»

«ብርድ እንዳይመታህ» አለው ገዳሙ። ወደ ቤቱም ሄደ።

በዚያ ክረምት ወስፌውን አልነካም። ባዶ ካርድ ያስገባል፣ ባዶ ካርድ ያወጣል። ከዚህ ሌላ ያደረገው ነገር የለም።

ነሐሴ ሃያ ዜማ መጣች። ሁለት ቀን ሙሉ ለካች፣ ፈተሸች። በሦስተኛው ቀን ሕዝቡ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰበ። ፓነሎቹ ደኅና ናቸው አለች። ባትሪዎቹም ደኅና ናቸው። እነዚህ ሁለት ወራት ለምን እንደዚህ እንደሆኑ በርግጠኝነት አትናገርም፤ ግን ጉም በየክረምቱ አለ፤ በመዝገቡ መሠረት ከነጉሙም የሚገባው ፀሐይ በቂ ነው። እንግዲህ ኃይሉ ያለቀው በአጠቃቀም ነው ማለት ነው።

«በአጠቃቀም ማለት?» አለ የቀበሌው ሊቀ መንበር።

«ከታቀደው በላይ ወጥቷል ማለት ነው።»

«ቁልፉ በማን እጅ ነው ያለው?»

ዜማ ወረቀቶቿን ሰበሰበች። መልስ መስጠት አላስፈለጋትም። ፈንታ በድብቅ ለዘመዶቹ እየሰጠ ነው፣ ባትሪውን እያወጣ ገበያ ስልክ ይሞላበታል የሚል ወሬ ከሐምሌ ጀምሮ ነበር። ከኋላ አንዱ «ሌባ!» አለ። ፈንታ ተነሳ። ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

ያን ጊዜ ገዳሙ ወደ ፊት ወጣ። በአንድ እጁ ፍም ያለበት የሸክላ ገል፣ በሌላው ወስፌና ካርድ ይዟል። ከቤቱ የወጣው ይህን ለማድረግ ቆርጦ ነበር።

«ፈንታ አልሰረቀም» አለ። «ፀሐይ አልነበረም። በሐምሌ ኖሮም አያውቅም። የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ወስፌውን አጋለና በፊታቸው ካርዱ ላይ ሳበው። እንደ ሁልጊዜው መሐሉን አቋረጠው። ከዚያ የነሐሴውን ባዶ ካርዶች ከደረት ኪሱ አውጥቶ ዘረጋ።



«እጅህ ጎበዝ ነው» አለ አንዱ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ።

«አያ ገዳሙ» አለ ሊቀ መንበሩ፤ ድምፁ ለስላሳ ነበር። «ባዶ ካርድ ማምጣት ማን ያቅተዋል? ካርዱን ሳጥን ውስጥ ማሳደር ነው። ያ የምስክር ወረቀት የሰጠዎት ቢሮ ዐይን የለውም?»

«የለውም።»

«ዐሥር ዓመት?»

«አሥራ አንድ።»

ጤናዬ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ ተናገረች። ቁጣ አልነበረባትም። «ተው፣ ገዳሙ። ለልጅህ ቤት ብለህ ነው። እኔም ብሆን አደርገው ነበር። ግን በዚያን ቀን ጠይቄህ አለው ብለኸኛል። ያኔ የሚያዋሽህ ነገር አልነበረም።»

«ነበረ።»

«ተው» አለችው እንደገና። «ተቀመጥ።»

ዜማ አዲስ የተቃጠለውን ካርድ አንስታ ወደ መስኮቱ አዞረችው። መስመሩን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ፀሐይ ስታቃጥል ወረቀቱን ትበላዋለች፤ ወስፌ ላዩን ብቻ ነው የሚያከስለው። ከቦርሳዋ ከመዝገቡ ጋር የመጣ የድሮ የሐምሌ ካርድ አወጣች፤ ዳበሰችው፤ እሱም ላዩ ብቻ ከስሏል። ሁለቱን ለረጅም ጊዜ ጎን ለጎን ያዘቻቸው። ከዚያ አንድ ላይ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው።

«ይጣራል» አለች። ገዳሙን አላየችውም።

ፈንታ በእጅ ብልጫ ከተቆጣጣሪነቱ ተነሳ። በአዳራሹ ከነበረው ሰው ገዳሙን በግልጽ ያመኑት ሁለት ናቸው። አንዱ ፈንታ ነው፤ ሲወጣ በአማቱ ፊት ቆም አለና «በየማለዳው ስወለውል ታየኝ ነበር» አለው። ሁለተኛዋ ምሥራቅ ናት። በአባቷ አጠገብ ሳትቆም አለፈች። በመስከረም ልጃቸውን ይዘው ወደ ደብረ ኤልያስ ሄዱ። ፈንታ እዚያ በሰው እርሻ በቀን ሥራ ይውላል። ሬዲዮ ጠጋኙ ሌባ ነው የሚለው ወሬ ሮብ ገበያም ደርሶ ነበር። ምሥራቅ ከዚያ ወዲህ አስታ ምድርን አልረገጠችም።

በዚያው መስከረም መጨረሻ ለገዳሙ ስልክ ተደወለለት። ከቢሮው ነው፤ አዲስ ሰው፣ ጨዋ ድምፅ።

«አቶ ገዳሙ፣ የሐምሌና የነሐሴ ካርዶች ባዶ ናቸው።»

«አዎ።»

«መስታወቱን አይወለውሉም እንዴ?»

«እወለውላለሁ።»

«ታዲያ?»

«ፀሐይ አልነበረም።»

ወረቀት ሲገላበጥ ተሰማ። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ነበረ እኮ።»

ገዳሙ የወስፌውን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረው። ሰውዬው አዳመጠና በጽሑፍ ያቅርቡ አለው። በጽሑፍ አቀረበ። መልስ አልመጣም።

ጥቅምት ላይ መኪና መጣ። ሁለት ሰዎች ድቡልቡሉን ከማቀፊያው ፈትተው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ጫኑት። ብረቱን ተዉት። ለገዳሙ አንድ ወረቀት አስፈርመው ቅጂውን ሰጡት። የፀሐይ መለኪያ ጣቢያው ተዘግቷል ይላል፤ ታዛቢው ላበረከተው አገልግሎት ምስጋና ይገባዋል። ያለፈው ክረምት መረጃ መሣሪያው በማርጀቱ ምክንያት የተዛባ ስለሆነ ከመዝገብ ተሰርዟል።

ገዳሙ ወረቀቱን በሩ ላይ ቆሞ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከማዶ፣ ከሸለቆው ወዲያ፣ ሰዎች የመብራት ምሰሶ ያቆሙ ነበር፤ ጥርት ያለ ቀን ስለሆነ አንድ በአንድ ይታያሉ።

«ምን ይላል?» አለችው ወለላ ከውስጥ።

ከአሥራ ሦስቱ ክረምት እውነት የነበሩት ሁለት ናቸው፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው። የመጀመሪያው በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል። የመጨረሻው አሁን ተሰረዘ።

«አሥራ አንዱ እንዳሉ ናቸው» አላት።