ለሁለቱም የሚሆን አረር

ዋዮሚንግ በኖርኩበት ዘመን ጎረቤቴ የነበረው ኦርቪል ታገርት ከአባቱ አንድ ጠመንጃና አንድ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ወርሶ ነበር። የሁለቱም ጥይት አንድ ነው። አባቱ በሕይወት ሳሉ «አንድ ዝናር ለሁለት ይበቃል» እያሉ ይኮሩበት ስለነበር፣ ኦርቪል ሁለቱን መለያየት አልሆነለትም።

ነገር ግን የጠመንጃው አፈሙዝ በእርጅና ሰፍቶ ነበር። ኦርቪል ከጠንካራ እርሳስ አቅልጦ የሚያፈሰው አረር፣ የጥይቱ ጫፍ፣ አፈሙዙ ውስጥ እየዋለለ ዒላማ ይስታል። ወፈር ያለ አረር ቢያፈስ ደግሞ ጥይቱ ሽጉጡ ውስጥ አልገባ አለ።

«ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ ስቀለውና ሸረሪት ታድንበት!» አለችው እህቱ ኔቫ።

«አሮጌ የሚሰቀል ከሆነ ካንቺ ልጀምራ!»

አንድ ቀን እኔም እነሱ ዘንድ ሳለሁ ኦርቪል ከፈረሰው የእናታቸው ማድቤት የተነቀለ የእርሳስ ቧንቧ አነሣና በአውራ ጣቱ ጥፍር ጫረው። ጥፍሩ ጠለቅ ያለ መስመር አወጣ።

«ይኸውልሽ፣ ለስላሳው ነው የሚሻለው። ባሩዱ ከኋላ ሲመታው ያብጥና አፈሙዙን ይሞላል።»

«ጠንካራው ያቃተውን ለስላሳው?»

«ጠንካራውማ እንደ አንቺ ነው፤ ንቅንቅ አይልም!»

ቧንቧውን አቅልጦ ቀጭን አረር በሚያወጣው ቅርጽ አፈሰሰውና ከቀለህና ከባሩድ ጋር ገጠመው። ጥይቱ ሽጉጡ ውስጥ ሰተት ብሎ ገባ። ከዚያ በጠመንጃው አጥሩ ላይ ወዳስቀመጠው ቆርቆሮ ተኮሰ። ኔቫ ሄዳ ቆርቆሮውን አነሣችና በቀዳዳው አጮልቃ አየችን።

«እማዬ ብትኖር ‹ቧንቧዬን ተኮሳችሁት!› ትል ነበር» አለች።

ኦርቪል ግን የአባቱን ዝናር ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አዲሶቹን ጥይቶች መሰካት ጀምሮ ነበር።